ቤቱን ሳታዩ ሰው አታሰናብቱ ያሉን መምህራችን ኅልፈት እና በእጃችን የቀረው ሥራቸው

ከኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ክፍል ለመምህራን፣ ለሠራተኞች፣ ለተማሪዎች እና ለታካሚ ቤተሰቦች የወጣ

የትምህርት ክፍላችን መሥራች፣ ለሠላሳ አራት ዓመታት መምህራችን የነበሩት ባልደረባችን ለዘጠኝ ቀናት ከታመሙ በኋላ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐርፈዋል። የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ቤተሰባቸው፣ ተማሪዎቻቸውና ያከሟቸው ሰዎች በተገኙበት ረቡዕ ተፈጽሟል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ከሐዘኑ ጋር ንዴትም አለብን። እርሳቸው ነገር ሸፋፍኖ መጻፍን ስለማይወዱ፣ ንዴታችንን ከዚህ መግለጫ አላወጣነውም።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ሟችን «የማይተኩ» ማለት የተለመደ ነው። እኛ አንልም። መተካት ይቻል ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሰባት ዓመት በኮንትራት ያስተማሩት ተተኪ ይቀጠር ብለን የጻፍነው ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ስለቀረ ነው። ማመልከቻው ዛሬም እዚያው ነው።

ሙያችንን ለማያውቅ አንባቢ ሁለት ቃል እንበል። ኦኩፔሽናል ቴራፒ በሕመም ወይም በአደጋ የተጎዳ ሰው መታጠብን፣ መልበስን፣ መብላትንና ሥራውን መሥራትን እንደገና ራሱ እንዲችል የሚያደርግ የተሃድሶ ሕክምና ነው። መምህራችን ለአዲስ ተማሪዎች ሲያስረዱ፣ አጥንቱን የሚጠግነው ሌላ ነው፣ እኛ የምንጠይቀው የተጠገነው ሰው ነገ ጠዋት ሱሪውን በምን እጁ ይለብሳል የሚለውን ነው ይሉ ነበር።

የአገልግሎታቸው ዋና ዋና ምዕራፎች የሚከተሉት ናቸው።

በአንደኛው ዓመት፦ ትምህርት ክፍሉን በአንድ ክፍል፣ በአሥራ አንድ ተማሪዎችና ከግምጃ ቤት ለምነው ባመጡት አንድ አልጋ ከፈቱ። የአልጋው አንድ እግር አጭር ስለነበር ለሁለት ዓመት በመዝገብ ተደግፎ ቆመ። የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ከነበሩት ሦስቱ ዛሬ በዚሁ ክፍል መምህራን ናቸው።

በአራተኛው ዓመት፦ ሞዴል ክፍሉን አሠሩ። ሞዴል ክፍል ማለት እንደ መኖሪያ ቤት የተሰናዳ የልምምድ ክፍል ነው። ምድጃ፣ አልጋ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ አለው። ታካሚው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት እዚያ ውኃ ያፈላል፣ ልብሱን ይለብሳል፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ይዛወራል፤ ተማሪውም ከመቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ሰማንያ አምስትና ከዚያ በላይ ያገኘ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ክፍሉን ያሠሩት እርሳቸው መሆናቸው እንዲታወስ እንፈልጋለን። በኋላ የተቃወሙት የራሳቸውን ሥራ ነውና።

በሰባተኛው ዓመት፦ ስሕተት ሠሩ። የስሕተትን ታሪክ በሐዘን መግለጫ መጻፍ ያልተለመደ ቢሆንም፣ እርሳቸው ራሳቸው በጥናታቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስላሰፈሩት እኛም አንዘልለውም። ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸው አንዲት ልብስ ሰፊ በሞዴል ክፍሉ ውስጥ ሁሉን አሟልተው ዘጠና ስድስት አገኙ፤ ተጨብጭቦላቸውም ወጡ። ከሁለት ወር በኋላ ልጃቸው መድኃኒት ልትወስድ መጥታ መምህራችንን ኮሪደር ላይ አገኘቻቸው። እናቷ ከአልጋ እንደማይወርዱ ነገረቻቸው። መምህራችን በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄዱ። ተሽከርካሪ ወንበሩ ደጅ ላይ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። ወንበሩ ከበሩ በአራት ሳንቲ ሜትር ይሰፋ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አልተቆጡም። እንዲህ ብቻ አሏቸው፦ «ዘጠና ስድስት ያገኘችው ሴትዮ ሌላ ናት መሰለኝ፣ እትዬ። የእሷ በር ሰፊ ነው።»

መምህራችን በዚያው ሳምንት አናጢ ይዘው ተመለሱ፤ የበሩ መቃንም ተነቅሎ ሰፋ። ልብስ ሰፊዋ ከዚያ በኋላ ዐሥራ ስድስት ዓመት በስፌት መኪናቸው ሠርተዋል።

በስምንተኛው ዓመት፦ ይህን ስሕተት መነሻ አድርገው የቤት ጉብኝት ትምህርትን በመርሐ ግብሩ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ጀምሮ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ታካሚ ቤት ሲሄድ ኖሯል። ደንባቸው አንድ ነበር፦ ቤቱን ሳታዩ ሰው አታሰናብቱ። አሠራራቸውም የታወቀ ነው። ተማሪው ቤት እንደገባ ምንም አይጽፍም፣ ምንም አይመክርም። መጀመሪያ ታካሚው በሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጥና የለመደውን እጁን ከጀርባው አድርጎ ውኃ ቀድቶ እንዲጠጣ ይታዘዛል። ብዙዎቻችን ልብሳችንን አርጥበናል፤ ባለቤቶቹም ስቀውብናል። ሜትር ከእጃቸው ስለማይለይ ተማሪዎች «እትዬ ሜትር» ይሏቸው ነበር፤ የክፍሉ ሾፌርም በየሐሙሱ መኪናውን ሲያስነሳ ዛሬ ደግሞ የማንን በር ልንከስ ነው እያለ ይጠይቃቸው ነበር። መኪናው ከስድስት ዓመት በፊት ለሌላ ጽሕፈት ቤት ተሰጠ። እርሳቸው በአውቶቡስ ቀጠሉ።

ከዐሥራ አንደኛው እስከ ሃያ ሁለተኛው ዓመት፦ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ቤቶችን የሚሸፍን ጥናት አካሄዱ። ጥናቱ በሞዴል ክፍል የማለፊያ ነጥብ ያገኙ ታካሚዎችን በሦስተኛው ወር በየቤታቸው እንደገና ይመዝናል። ከዐሥሩ አራቱ በሞዴል ክፍል የሠሩትን በቤታቸው መሥራት አልቻሉም። ምክንያቱ በአብዛኛው የአካላቸው ድካም ሳይሆን ደፍ፣ ደረጃ፣ ጠባብ በርና ግቢ ማዶ ያለ መጸዳጃ ነበር።

ይህ ጥናት ለምርምር ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ቀርቦ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። አንደኛ፣ የሽፋኑ ገጽ በአዲሱ ቅጽ አልተዘጋጀም ተባለ። ተዘጋጀ። ሁለተኛ፣ ቅጹ ተቀይሯል ተባለ። በተቀየረው ተዘጋጀ። ሦስተኛ፣ ልኬቱ የተወሰደባቸው ቤቶች እርስ በርስ ስለማይመሳሰሉ ውጤቱን ማወዳደር አይቻልም ተባለ። ቤቶች አለመመሳሰላቸው የጥናቱ ግኝት እንደሆነ ለኮሚቴው በቃልም በጽሑፍም አስረድተናል። መልስ አልተሰጠንም። ጥናቱ እስካሁን አልታተመም፤ እርሳቸውም ታትሞ አላዩትም።

ባለፈው ዓመት፦ የትምህርት ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት የቤት ጉብኝት ትምህርት ከመርሐ ግብሩ ወጥቶ በሞዴል ክፍል ልምምድ እንዲተካ ሐሳብ አቀረበ። የተሰጡት ምክንያቶች የተማሪዎች ደኅንነት፣ የሰዓት ጥበትና ሞዴል ክፍሉ በቅርቡ መታደሱ ናቸው። ክፍሉ በእርግጥ ታድሷል። በሩ አሁን ሁለት ተሽከርካሪ ወንበር ጎን ለጎን ያሳልፋል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን መናገር አለብን። ውሳኔው በተላለፈበት ስብሰባ ከእርሳቸው ሌላ ካለነው ዘጠኝ መምህራን ስድስታችን ተገኝተን ነበር። ስብሰባው ሐሙስ ስለዋለ መምህራችን ታካሚ ቤት ነበሩ። አንዳችንም ቀኑ ይለወጥ አላልንም። ተቃውሞ ያለው ሲባል ዝም አልን፤ ቃለ ጉባኤው ሲዞር ፈረምን። ከመካከላችን መኪናው እንደተወሰደብን ሌላም ይወሰድብናል ብሎ የፈራ አለ፤ የዕድገት ደብዳቤውን ያሰበም አለ፤ ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ ብቻ የፈለገም አለ። መምህራችን በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን እንደቆሙ አነበቡ። ስድስቱን ፊርማ አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉ። ከዚያ፦ «እናንተም? ከጽሕፈት ቤቱስ ሌላ አልጠብቅም ነበር» ብለው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ወደ ክፍላቸው ሄደው እስከ ስድስት ሰዓት አስተማሩ።

በዚያው ሳምንት ሰባት ገጽ ተቃውሞ ጽፈው አስገቡ። ከጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ በየሳምንቱ እየሄዱ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ሲያዩዋቸው ወንበር እንደሚስቡላቸውና ደብዳቤው ገና አለቃ ዘንድ ነው እንደሚሏቸው ነግረውናል። ይህ ለአምስት ወራት ቀጠለ።

መልሱ የደረሰው በቀብራቸው ማግስት ነው። ለእርሳቸው የተጻፈ ሲሆን፣ ማመልከቻዎ ደርሶናል፣ በተራው ይታያል ይላል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ፖስተኛ፣ ከዚያው ጽሕፈት ቤት ሁለተኛ ደብዳቤ ለትምህርት ክፍሉ መጣ። የመምህራችንን ኅልፈት በከባድ ሐዘን መስማታቸውን ገልጾ፣ ለመታሰቢያቸው የታደሰው ሞዴል ክፍል በስማቸው እንዲሰየም ሐሳብ ያቀርባል። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጠን አነበብናቸው። የፈረመው አንድ ሰው ነው።

ስለ ስያሜው ከመወሰናችን በፊት አብረዋቸው የኖሩትን ታናሽ እህታቸውን ጠየቅን። ስለ ክፍሉ ብዙ አልተናገሩም። እንዲህ አሉን፦ «እኔ የክፍል ነገር አላውቅም። እህቴ ሐሙስ ሐሙስ ቤት ውላ አታውቅም። ሐሙሷን አትውሰዱባት።»

በዚህ መሠረት የትምህርት ክፍሉ መምህራን ጉባኤ ትናንት ተሰብስቦ የሚከተለውን ወስኗል። ዘጠኛችንም ተገኝተናል።

ሞዴል ክፍሉ በመምህራችን ስም እንዲሰየም አንስማማም። ቤተሰባቸውም አይስማማም። ስማቸው ሊሽሩት በደከሙበት አሠራር ላይ እንዲጻፍ አንፈቅድም።

ስድስታችን ፊርማችንን ከቃለ ጉባኤው ማንሣታችንን በጽሑፍ አሳውቀናል። ይህን ማድረግ የነበረብን ከአምስት ወራት በፊት፣ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ነው። ስላዘገየነው ይቅርታ የምንጠይቃቸው ሰው የሉም፤ ስለዚህ ይቅርታውን ለእህታቸው፣ ለተማሪዎቻችንና ለታካሚዎቻችን አቅርበናል።

የቤት ጉብኝት ትምህርት ወደ መርሐ ግብሩ እስኪመለስ ድረስ ማናችንም በሞዴል ክፍል ነጥብ ብቻ የታካሚን መሸኛ አንፈርምም። ይህ አልጋዎች እንዳይለቀቁ እንደሚያደርግ፣ ሆስፒታሉን እንደሚያስቸግርና እኛንም እንደሚያስጠይቅ እናውቃለን። ጥያቄው ሲመጣ ስድስት ብቻ ሳይሆን ዘጠኝ ፊርማ ያለበት መልስ ይጠብቀዋል። ጥናታቸውም ለአራተኛ ጊዜ ይቀርባል፤ ከተመለሰም ለአምስተኛ።

ለታናሽ እህታቸው፣ ለወንድሞቻቸው ልጆች፣ በየሆስፒታሉ ለሚሠሩ ተማሪዎቻቸው፣ እንዲሁም ከእርሳቸው ጋር በአውቶቡስ ለተመላለሱ ባልደረቦች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። እናንተ ያጣችሁትን እኛም አጥተናል፤ እኛ ግን ከማጣታችን በፊት ብቻቸውን ትተናቸው ነበር። ይህን ልዩነት ለመደበቅ አንሞክርም።

በመጨረሻም ይህ መግለጫ ከእርሳቸው ጋር ቀጠሮ ይዘው ሲጠብቁ ለነበሩ ስድስት ቤተሰቦች ነው። ሐዘኑ የእናንተም ነውና መጽናናቱን ለእናንተም እንመኛለን። መምህራችን ስለማይመጡ ድንገት በር ላይ ሌላ ሰው አይታችሁ እንዳትደነግጡ አስቀድመን እንነግራችኋለን። ቀጠሯችሁ አልተሰረዘም። በፊታችን ሐሙስ በሦስት ሰዓት አንድ መምህርና ሁለት ተማሪዎች ወደየቤታችሁ ይመጣሉ። ለእኛ ብላችሁ ቤት አታስተካክሉ፣ ዕቃ ከመንገድ አታንሡ፣ ታካሚውንም ቀድማችሁ አታልብሱ። እንዳለ እናየዋለን።

የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ክፍል መምህራን ጉባኤ