አባባ እና የፈረንሳይ ካቢኔ

መስከረም 20

ጎባ ዛሬም ጉም ነው። ሮቤ ስደርስ ፀሐይ። ሚኒባስ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይጓዝ ሌላ አገር ይገባል። ቢሮ ግማሹ ሰው ከመስቀል አልተመለሰም… ሥራም የለም፣ ውዬ መጣሁ።

የአባባ እግር እንደገና አብጧል። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል ነው የሚለው። ሰማንያ ዓመት የሠራ ልብ፣ ምን ይደረጋል? ሥራ ስውል አጠገባቸው የምትቀመጥልኝ ጎረቤታችን ዙሀይራ ናት። ዛሬ ምሳቸውን አልነኩም አለችኝ።

ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ “ፈረንሳዮቹ ሾሙ?” አሉ አባባ። ገና ነው አልኳቸው። ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ከተሾመ ወር ሊሞላው ነው፣ ሚኒስትሮቹን ግን አላሳወቀም። አባባ እንደ ራሳቸው ጉዳይ ተጨንቀዋል።

መስከረም 22

ዙሀይራ ዛሬ ጠየቀችኝ፣ አባትሽ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ምን አላቸው ብላ። ምን ልበላት?

ድሬዳዋ ተወልደው ካቶሊኮቹ ጋ ፈረንሳይኛ ተማሩ። በንጉሡ ጊዜ ለጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆነው ጎባ መጡ፣ በዚያው ቀሩ። እዚህ በዚያ ቋንቋ የሚያወራቸው ከሬዲዮ በቀር የለም። እዚያ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሚኒስትሮቹን ስም አንድ በአንድ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ሲወርዱ ደግሞ ቀኑን ከግርጌ። ልጅ ሆኜ ለምን ብያቸው ነበር። “ቋንቋው እንዳይጠፋኝ” አሉ። አምኜ ኖርኩ።

መስከረም 26፣ ሰኞ

ጠዋት ስልኬ ላይ አገኘሁት። ትናንት ማምሻውን ተሹመዋል! በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳቸው። እኔ አነበብኩ፣ እሳቸው ጻፉ። ስሞቹን አበላሽቼ ስጠራ ያርሙኛል። አብዛኞቹ የድሮዎቹ ናቸው። መከላከያው ጋ ስንደርስ ብዕራቸውን አቆሙ። “የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ሰውዬ? ለጦሩ?” ሳቁ። ስንት ጊዜያቸው ከሳቁ… አጥሚቱንም ሙሉውን ጠጡ።

“ይሄኛው ገናን ያያል ትያለሽ?” አሉ። እርስዎስ አባባ? አልኩ በሆዴ። ቶሎ ወጣሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሮቤ ምሳ ልበላ ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቀቀ። ካቢኔው አሥራ አራት ሰዓት ቆየ። አሥራ አራት ሰዓት! ምሳውን ትቼው ተነሳሁ። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንዴት እንደምነግራቸው ስለማመድ መጣሁ።

አልነገርኳቸውም።

መስከረም 27

“ዛሬ ምን ሠሩ?”

ተሰበሰቡ አልኩ። ስለ ምን ሲሉኝ፣ ስለ በጀት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዙሀይራን ሬዲዮው ባትሪ ጨርሷል በያቸው ብያታለሁ። ደስ አላላትም። ሽማግሌን መዋሸት ሐራም ነው አለች። እሱስ እውነቷን ነው።

መስከረም 28

የትምህርት ሚኒስትሩ ዛሬ ተማሪ ቤት ጎበኘ አልኳቸው። ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?

መስከረም 29

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ዛሬ ከሥራ ስገባ ምን ሠሩ ብለው አልጠየቁኝም። ዙሀይራ እስክትወጣ ጠበቁ። “ኢየሩስ፣ ወድቋል አይደል?” አሉ። ሰኞ በሬዲዮው የአምስት ሰዓት ዜና ሰምተውታል። ዙሀይራ አጠገባቸው ነበረች፣ ግን ፈረንሳይኛ አታውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ስቀባጥር ዝም ብለው ሰሙኝ። አፈርኩ። እንዳያዝኑ ብዬ ነው አልኳቸው።

“አውቃለሁ። እኔም በየነን ምንም አይሆንም ብዬው ነበር።”

በየነ ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። የማውቀው በአብዮቱ ጊዜ መጥፋታቸውን ብቻ ነበር። ቀሪውን ዛሬ ነገሩኝ፣ እያረፉ፣ ውኃ እየጠጡ። አጎቴ በ66 አዲስ አበባ የአንድ ሚኒስትር ጸሐፊ ነበሩ። ካቢኔው ጥቂት ወር ቆይቶ ወረደ። የባለሥልጣኖቹ ስም በሬዲዮ እየተጠራ እጃቸውን ሲሰጡ፣ አጎቴ ሸሽተው ጎባ መጡ። እዚሁ ቤት! ሦስት ቀን ተቀመጡ። ሃረና ጫካ ቡና የሚለቅም ባዳሳ የሚባል ሰው ሊደብቃቸው ተስማምቶ በቅሎ ይዞ ደጅ ቆሞ ነበር። አባባ መለሱት።

“አንተ ጸሐፊ ነህ፣ ማን ይነካሃል፣ ሄደህ ሪፖርት አድርግ አልኩት። ለሱ አስቤ አይደለም ኢየሩስ። እኔ ቤት ቢገኝ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ነው። አውቶቡስ ያሳፈርኩት እኔ ነኝ።”

ከዚያ ወዲያ ያያቸው ሰው የለም። መቃብራቸውም አይታወቅም።

እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው። “እነዚህስ? የታሰረ አለ?” አሉ።

“የለም አባባ።”

“ሁሉም ቤታቸው ገቡ?”

“ሁሉም።”

“ደብተሩ ላይ የምጽፈው እሱን ነው፣ ወርደው ቤታቸው መግባታቸውን” አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሊተኙ ሲሉ አንድ ነገር ለመኑኝ። ለወለተኢየሱስ እንድነግራት። የአጎቴ ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ። አባቷ ሲጠፉ አራት ዓመቷ ነበር። ያስተማሯት አባባ ናቸው፣ አባዬ ነው የምትላቸው። ሃምሳ ዓመት ሞክሬ ከአፌ አልወጣ አለኝ አሉ።

ለምን እኔ?

መስከረም 30

ሲዘንብ ዋለ። ሥራ አልሄድኩም። ምንም አልቀመሱም።

ጥቅምት 1

አባባ ዛሬ ጠዋት አረፉ።

ጥቅምት 4

ትናንት ሠልስት ወጣ። ቤቱ ገና ሰው አልተለየውም። ዙሀይራ ሦስቱንም ቀን ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ስትሠራ ሰነበተች። “ረቢ ሰብሪ ሲፍ ሃ ኬኑ” ትለኛለች ባለፈች ቁጥር፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ። ወለቴ እሑድ ለቀብር ደረሰች። አባዬ፣ አባዬ እያለች ስታለቅስ ሰው ሁሉ ከኔ ይልቅ እሷን ደገፈ።

አልነግራትም ብዬ ወስኜ ነበር። ዛሬ ግን ልብሳቸውን ስናጣጥፍ፣ “እንደ አባዬ ያለ ሰው አባቴ አጠገብ ቢኖር ኖሮ አባቴ አይጠፋም ነበር” አለች። ሸሚዙን አስቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት። በቅሎዋንም፣ አውቶቡሱንም፣ ስለ ሥራቸው ፈርተው መሆኑንም። አላሳመርኩትም።

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ደጅ ድረስ ተከተልኳት፣ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ዞር ብላ እንኳ…

ልክ ሠራሁ? አባባ ተገላገሉ። እኔና እሷስ?

ጥቅምት 21

ዛሬም ደወልኩ፣ አታነሳም። ፈረንሳዮቹ ሌላ ካቢኔ ከሾሙ ሰነበቱ አሉ። አላየሁትም።

ኅዳር 11

ትናንት አርባቸው ነበር። ጸሎተ ፍትሐቱ አልቆ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጓዳ ውስጥ ድስት የምታማስል ሴት ከጀርባዋ አየሁ። ወለቴ። በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍራ መጥታለች። ለማንም አልነገረችም። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታበላ፣ ስታጠጣ ዋለች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። አልጋ አነጠፍኩላት፣ ተኛች።

ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋት። ጉሙ አልተነሳም፣ መኪናው እስኪሞላ ቆመን ጠበቅን። “አባዬን ይቅር አላልኩትም” አለችኝ። “እንደምችልም አላውቅም። ግን ያለ እናንተ ማን አለኝ?” ብላ ነጠላዋን አጠበቀች።

ረዳቱ ሲጠራ እግሯን አንስታ መልሳ አወረደችው።

“ያን ቀን ከዚህ ሲሳፈር… አባቴ ምን ለብሶ ነበር?”

አንድ ነገር ልላት አፌ ድረስ መጣ። ካፖርት፣ ባርኔጣ… ማን ያጣራል? ፊቷን አየሁትና ተውኩት።

“አላውቅም ወለቴ። አልጠየቅኳቸውም።”

አንገቴን አቀፈችኝ። የሚያውቅ ሰው ከእንግዲህ የለም።