ሞተር አስጠፍተው ለሚመረምሩት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ ጭስም ጩኸትም በማይደርስበት ቢሮዎ፣ በሙሉ ጤንነት ተቀምጠው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኛ ቤት ከጠየቁ፣ እናቴ ምግብ ሲቀርብ እስካሁን የወንድሜን ሳህን ጨምራ ታስቀምጣለች፤ ከዚህ ሌላ ደህና ነን።

እኔ የዳቦ ቤቱን የጭነት መኪና ሲነዳ ከትምህርት ቤቴ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ የሞተው ሾፌር ታናሽ ወንድም ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ የአደጋው ምክንያት «አሽከርካሪው ማርሽ ሲቀይር ያሳየው ቸልተኝነት» መሆኑን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለለጠፈልን፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. መኪናዋ ከታመመች ሰንብታለች። ወንድሜ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ሲረግጥ፣ ነዳጅ ሳይሰጣት ሞተሯ በራሱ ይጮሃል፤ ያስገባላትን ማርሽም መልሳ ትተፋዋለች። እሱ እንኳ «ይቺ ሴትዮ ያጎረስኳትን አትውጥም» እያለ ይቀልድባት ነበር። መካኒኩ ካምቢዮው ወርዶ ካልተፈታ መድኃኒት የላትም አለው፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ግን ምርመራ እስካለፈች ድረስ ጤነኛ ናት አሉ። ስለዚህ ወንድሜ ተስፋውን በእርስዎ ላይ ጣለ። ሰው ሁሉ ለማለፍ በሚለምንበት ግቢ ለመውደቅ የለመነ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

፪. ድምፅና ጭስ ሥራ እንዳያውክ ሲባል ማንኛውም መኪና ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሰው እየተገፋ እንዲገባ ያወጡትን ሥርዓት ሳላደንቅ አላልፍም። ጎማ ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ ቦሎ ይለጠፋል፣ መኪናው እየተገፋ ይወጣል። ያን ቀን ትምህርት ስላልነበረኝ ከኋላ የገፋሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ መርማሪውን «ጋሼ፣ በሞቴ አንድ ጊዜ ላስነሳትና ይስሟት» ብሎ ሲለምን ሰምቻለሁ። እሳቸውም ከልባቸው ስቀው «ጣሉኝ ብሎ የሚለምን ዛሬ ገና አየሁ! ምርቃት ነው፣ ተቀበልና ሂድ» አሉትና ቦሎውን ለጠፉልን። ስለ ምርቃታቸው እግዜር ይስጥልን።

፫. «ቸልተኝነት» ስላሉት ጉዳይ። ቁልቁለቱ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ስትተፋበት፣ ጭነቱ ከኋላ እየገፋት ፍሬኑ ብቻውን ሊይዛት አልቻለም። እኛ ተማሪዎች ከታች በበሩ እየገባን ነበር። የዚያን ሞተር ጩኸት ከሁሉ ቀድሜ የለየሁት እኔ ነኝ፤ ቀና ስል መሪውን ሰው ወደሌለበት፣ ወደ ድንጋዩ አጥር ሲጠመዝዘው አየሁ። ይህ ቸልተኝነት ከሆነ፣ ጥንቃቄ የሚባለው ምን እንደሆነ ክቡርነትዎ ቢያስረዱኝ ውለታዎን አልረሳም፤ እኛ ክፍል ገና አልተማርነውም።

፬. እናቴ ስለ ልጇ ምን እንደተጻፈ ለማወቅ ሰሌዳዎ ድረስ መጥታ ነበር። ማንበብ ስለማትችል ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ያችን አንዲት ቃል ዘለልኳት። «ልጄን ደህና አድርገው ጽፈውታል» ብላ ሰሌዳውን በእጇ ነክታ ተሳለመችው።

ከዚህ በኋላ አምስተኛ ቅሬታ መጻፍ አልቻልኩም። ሰፈር ግን ምስጢር አይቋጥርምና አንድ ቀን ከሰው አፍ ትሰማታለች። እባክዎ ከዚያ ቀን በፊት ያችን ቃል ከሰሌዳው ላይ ያንሱልኝ። የሌላ ሰው ወንድምም መኪናውን ይዞ ሲመጣ፣ የሞተሩን ጩኸት ለአንድ አፍታ ይታገሱለት።

የግቢዎ ጸጥታ እንዳይደፈርስ ዘወትር የሚመኝ፣ ቤቱም እንደ ግቢዎ ጸጥ ያለበት፣
ታዛዥዎ፣ የሾፌሩ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ መኪናዋ ተጎትታ መጥታ ግቢዎ ጥግ ቆማለች። መስታወቷ ረግፏል፤ ቦሎው የተለጠፈበት ማዕዘን ብቻ ደህና ነው፣ ጊዜውም ገና አላለፈበትም። አሁን ሞተሯ አይጮህም፣ ማርሽም አትተፋም፤ በሥርዓትዎ የምትወድቅበት ምክንያት አይታየኝም። ለሚመጣው ዓመት ምርመራ የሚገፋት ሰው ካጡ ያስጠሩኝ። መግፋቱን ለምጄዋለሁ፤ መሪውን የሚይዝልኝ ሰው ብቻ ያዘጋጁልኝ።