አባትየው አይመለስም

ዲላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለተክለማርያም፣

እንደምን ሰንብተሃል? ፈጣሪ ይመስገን፣ እኔም ልጃችን ፍሬም ደህና ነን። በስልክ ከሆነ ስለምታቋርጠኝ ወረቀት መረጥኩ። ባለሱቁ አሚን አንተ ወዳለህበት ጆሃንስበርግ፣ ወንድሙ ዘንድ ስለሚሄድ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

እህትህ ድንቅነሽ ለልጆች ስለጻፍኩት ታሪክ ነግራህ፣ «መጨረሻውን ቀይሪው፣ ስሜን አታጥፊ» ብለሃል አሉ። ታሪኩ ውስጥ ስምህ የለም። ያለችው የይርጋጨፌ ልጅ ናት። አባቷ «ለፋሲካ እመጣለሁ» ብሎ ሄዶ የቀረባት። ይህ ደግሞ የስንቱ ቤት ታሪክ ነው!

መጨረሻውን ቀይሪው ያልከኝም የመጀመሪያው ሰው አንተ አይደለህም። ሙሉነሽ የምትባል የልጆች መጻሕፍት አርታኢ ለሥልጠና ከአዲስ አበባ ስትመጣ ረቂቄን ሰጥቻት ነበር። አንብባ ጠራችኝ። ቀይ እስክሪብቶ ያልነካው ገጽ የለም! ለካ እኔ የተማሪዎቼን ድርሰት ሳርም እንዲህ ነው የሚሰማቸው።

«ውዳሴ፣ ይሄ ምክር እንጂ ታሪክ አይደለም» አለችኝ። «እናትየው ገጽ ሙሉ ስትመክር ልጅቷ የት ሄደች? የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እዚህ ጋ ስትደርስ መጽሐፉን ትዘጋዋለች።»

አመመኝ፤ ግን እውነቷን ነው። ምክሩን ሁሉ ጠራርጌ አወጣሁት።

መጨረሻው ላይ ስንደርስ «አባትየውን ብትመልሺውስ? ልጆች ተስፋ ይፈልጋሉ» አለች።

«አይመለስም» አልኳት።

«ለምን?»

«ክፍሌ ውስጥ አባታቸው ሄዶ የቀረባቸው ልጆች አሉ። የእናንተ ታሪክ ተስፋ የለውም ልበላቸው?»

ተቆጣች ብዬ ነበር። እሷ ግን የመጨረሻውን ገጽ ደግማ አነበበች። «እሺ፣ አይመለስ» አለች። «ግን ልጅቷን መስኮት ስር አስቀምጠሽ መንገድ መንገድ እንድታይ ታደርጊያታለሽ። የምትጠብቀው እሷ አይደለችም፤ አንቺ ነሽ።»

ተክልዬ፣ ረቂቄን ይዤ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ገጹን ለፍሬ አነበብኩላት። «እማ፣ እኔ ብሆን እዚያ አልቀመጥም፤ ኳስ አለኝ» አለች። ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። ገጹን ቀደድኩና አዲስ ጻፍኩ። አሁን ልጅቷ ከጎረቤት ከተማ ከጨለለቅቱ የኳስ ቡድን ጋር ትጋጠማለች፤ ይሸነፋሉ፤ ጉልበቷ ተልጦ፣ ዳኛውን እያማች፣ ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ትመለሳለች። በቃ። ሙሉነሽ አንድ ቃል ሳትነካ ተቀበለችው። ክረምት ላይ ይታተማል።

ስለዚህ አልቀይረውም። አንተ ብትቆጣ፣ እህትህ ብታኮርፍ፣ ሰፈሩ ቢያወራ አልቀይረውም። አንብቦ «ይሄ ተክለማርያም ነው» የሚል ካለ፣ እሱ አለ እንጂ እኔ አላልኩም። ስምህን ማዳን ከፈለግህ መንገዱ በእኔ ታሪክ ውስጥ አያልፍም፤ በሞያሌ በኩል ነው የሚመጣው።

በል፣ የሰው አገር ክፉ አይንካህ፤ የእናትህ ጸሎት ከፊት ከኋላህ ይሁን። ፍሬ «ሰላም በይልኝ» አላለችኝም። እንዳለች አድርጌም አልጽፍልህም።

ውዳሴ