ለሮሪ የተቀመጠው ጠርሙስ

ይድረስ ለወንድሜ ለሮሪ፤ ኒውዚላንድ፣ ዱኔዲን።

እንደምን አለህ? ልብህስ እንዴት ሆነልህ? ሐኪሞቹ ደረጃ መውጣት ከልክለውኛል ብለህ ነበር፤ ፈቀዱልህ ወይስ አሁንም ታች ቤት ነው የምትተኛው? የእግርህ እብጠት ጎደለ? እህል ይበላልሃል? ባለቤትህ ኖሊን እንዴት ናት? ልጅህ ጃኔትስ? ልጆቿስ አደጉ? እናንተ ጋ ሙቀቱ እየገባ ነው አሉኝ። እዚህ ዝናቡ ከያዘን ቆየ፤ ነፋሱም የጎረቤቴን የኤፊን የዶሮ ቤት ጣሪያ ነቅሎ ባሕር ውስጥ ጥሎታል። እኔ ደህና ነኝ ማለት ካለብኝ ደህና ነኝ። ጉልበቴ አልታጠፍም ብሏል። አንድ ዓይኔ ደክሟል፤ የቀረው ግን ይህን ለመጻፍ ይበቃኛል።

አዎ፣ የምጽፈው ራሴ ነኝ። እስከ ዛሬ የደረሰህን ደብዳቤ ሁሉ የጻፈልኝ ባለቤቴ ዱጋልድ ነበር። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፤ ሲጽፍም ምሬቴን ቀነስ እያደረገ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ምሬቴን የሚቀንስልህ ሰው የለም። ፊደል የቆጠርኩት ስልሳ ካለፈኝ በኋላ፣ በመንደሩ ቤተ መጻሕፍት፣ ልጄ ልትሆን ከምትችል አስተማሪ ነው። ለምን እንደዘገየሁ አንተም ታውቃለህ፣ ግን ማንም ጽፎት ስለማያውቅ ልጻፈው። እናታችን ሳንባቸውን ታመው ሲተኙ ከሁለታችን አንዳችን ቤት መዋል ነበረብን። አንተ ወንድ ነበርክ፤ እኔ ዋልኩ። የትምህርት ቤቱ ተቆጣጣሪ ሊጠይቅ ሲመጣ አባታችን እሳቱ አጠገብ አስቀምጠው አንድ መለኪያ ቀዱለት። ደገሙለት። ሰውየው "ልጅቷ ብልህ ትመስላለች" ብሎ አገጬን ነካ አድርጎኝ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ትምህርቴ በሁለት መለኪያ ውስኪ አለቀ። ጥሩ ውስኪ ነበር ይላሉ።

የጃኔት ደብዳቤ ደርሶኛል። ለሰው ሳልሰጥ ራሴ አነበብኩት። አባቴ አውሮፕላን መሳፈር ስለተከለከለ ከእንግዲህ አይመጣም፣ ነገር ግን ከመሞቱ በፊት አያቴ ያስቀመጡለትን ውስኪ አንዴ መቅመስ ይፈልጋል ይላል። "አይመጣም" የሚለው ላይ ስደርስ በደንብ ያላነበብኩት መስሎኝ ተመለስኩበት። በደንብ አንብቤው ኖሯል።

ጠርሙሱ ከሄድክ በኋላ የተገኘ ስለሆነ አይተኸው አታውቅም። አባታችን የሠሩበት የእኛው ውስኪ ማውጫ፣ ኪልቫራን፣ ተዘግቶ እሳቱ የጠፋበት ዓመት ለሠራተኛው ሁሉ ከመጨረሻው በርሜል አንዳንድ ጠርሙስ ተሰጠ። ሌሎቹ ክረምቱ ሳይወጣ ጨረሱት። አባታችን ግን ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከሰዓቱ ጎን አቁመውት "ሮሪ ደጁን ረግጦ ሲገባ ይከፈታል" አሉ። እሳቸው ሲሞቱ አልመጣህም፤ አልተከፈተም። ዱጋልድ ሲሞት አልመጣህም፤ አልተከፈተም። ለቀብሩ የማዶውን ቀዳሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ አቧራውን የምጠርግለት እኔ ነበርኩ። ይህን ሁሉ ዘመን የአንተን መምጣት ስወለውል ኖርኩ ማለት ነው።

የማዶው ያልኩህ የትኛው እንደሆነ አልረሳህም። ከመስኮቴ ሆኜ ሳይ ከባሕሩ ማዶ የባላንጣችን የውስኪ ፋብሪካ ጭስ ማውጫው ዛሬም ይጨሳል። የእኛው ከተዘጋ በኋላ በዚህ መንደር ስሙን የሚጠራ የለም፤ "የማዶው" ነው የሚባለው፣ ልክ ሰው ሚስቱን ስለነጠቀው ወንድ ሲያወራ እንደሚለው። ሽማግሌው ሄክተር ትዝ ይሉሃል፤ ውስኪው የሚወጣበትን የመዳብ ጋን የሚጠብቁት፣ የሚወርደው መቼ ይቆረጥ መቼ ይቀጥል የሚሉት እሳቸው ነበሩ። ከአባታችን ጋር ከሠሩት ሰዎች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ የማዶው በአፋቸው አልዞረም። የጀልባ ገመድ የተቀቀለበት ውሃ ነው ይሉታል። በዱጋልድ ቀብር ላይ የሰጠኋቸውን መለኪያ ሰው ሁሉ እያየ ሣሩ ላይ ደፉት።

ኤፊ ከገና በፊት ልጇን ልትጠይቅ ወደ እናንተ አገር ትበራለች፤ አንተም ጋ እንደምትደርስ ቃል ገብታልኛለች። ስለዚህ ጠርሙሱን ላሽግ አወረድኩት። ቀለለኝ። ብርሃን ላይ ባየው ከትከሻው በታች ወርዷል። ቡሹ ደርቆ ኖሮ ስነካው እንደሚነቃነቅ ጥርስ ሄድ መለስ አለ። ይህ ሻንጣ ውስጥ ቢተኛ አንድ ጠብታ ሳይቀር የኤፊ ልብስ ይጠጣዋል። እዚህ መክፈት ነበረብኝ፤ ለብቻ ደግሞ አይከፈትም። ሄክተርንና ኤፊን ቅዳሜ ከሰዓት ጠራኋቸው።

ኤፊ ባዶ እጇን አልመጣችም። የማዶውን አንድ ጠርሙስ፣ አማቿ ከስፔይ ወንዝ አካባቢ ያመጣላትን ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ታቅፋ ገባች። "ለብቻው ከቀመስነው ለቅሶ ይሆናል፤ ከሌላ ጋር ካስተያየነው ግን ጨዋታ ነው" አለች። ሄክተር የማዶውን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ፤ ቢሆንም ለማነጻጸር ከሆነ ይሁን አሉ። ያን ያህል እርግጠኛ ነበሩ።

ቡሹ ሲወጣ ተፈርፍሮ መጣ። ሄክተር እንደ ደንባችን እሳት ውስጥ ጣሉት፤ ቡሹ ከተቃጠለ ጠርሙሱ ያልቃል እንጂ ተመልሶ አይከደንም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የአንተን ድርሻ አፍልቼ ባጠብኩት የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ቀዳሁ። ከዚያ ኩሽና ገብቼ ሦስቱንም በየብርጭቆው አድርጌ፣ የስኒ ማስቀመጫ ከድኜባቸው አቀረብኩ። የቱ የቱ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሄክተር ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጀመሪያውን አሸተቱና "ዘቢብ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የገና ኬክ። ይህ የሙሽሮች ነው" አሉ። የስፔዩ ነበር። ኤፊ "እኔም ሙሽራ ነኝ፣ ወዲህ ይበሉት" ብላ ተቀብላ ጨለጠችው። ሁለተኛውን ብዙ አሸተቱ። ምላሳቸው ላይ አቆዩት። ጠብታ ውሃ ጨመሩበት፤ እንደገና ቀመሱና ብርጭቆውን ገፋ አደረጉት። "ይኼ ደግሞ ሳጥን ውስጥ የከረመ ወረቀት ነው። ምን ነካሽ፣ ኤፊ፣ እንዲህ ያለ ነገር ታስመጫለሽ?" አሉ። ሦስተኛውን አሸተቱ። ቀመሱት።

"ይኸውላችሁ" አሉ። "ይኼ የእኛ ጅረት ውሃ ነው። ይኼ አባትሽ በእንጨት አካፋ የገለበጡት ብቅል ነው። ጭሱን እዩት፣ ከእኛ ረግረግ ለማገዶ የተቆረጠ አፈር ጭስ እንዲህ ነው ጉሮሮ ላይ የሚቀመጠው። ይኼን ያወጣሁት እኔ ነኝ።" እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ገባ።

የማዶው ነበር።

እኔም ሦስቱንም ቀምሻለሁ፤ እውነቱን ልንገርህ። የእኛው ቀለሙ እንደ ጭድ ነው። መጀመሪያ ማር ማር ይላል፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ ክፍል ይሸታል። ጭሱ የለም፤ በዚያ በደረቀ ቡሽ በኩል ወጥቶ አልቋል። ውሃ ጠብ ሳደርግበት አንድ ነገር ብቅ አለ። ምሳቸውን ሳደርስላቸው ከአባታችን ካፖርት የሚሸተኝ የረጠበ ገብስ ነበር። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየና ጠፋ። ሌላ የለውም። የማዶው ደግሞ ጨው አለው፣ ጭስ አለው፣ ከሥሩም የብቅል ጣፋጭነት አለው። ይህን መጻፍ እጄን ያመኛል፤ ግን ጥሩ ውስኪ ነው። ሳይሆን አይቀርም፣ ድሮም ከእኛው እኩል ነበር። ወይም ይበልጥ ነበር፤ ማን አስተያይቶ ያውቃል?

ሄክተር ዓይናቸውን ገልጠው "ልክ ነኝ አይደል?" አሉኝ። የጠየቀ ሰው መልስ ይገባዋል። የማዶው ነው አልኳቸው። ሄክተር አልተቆጡም፣ አልተከራከሩኝም። በመስኮቱ ማዶውን፣ የሚጨሰውን ጭስ ማውጫ ሲያዩ ቆዩና "ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት የተጣላሁት ከማን ጋር ነው?" አሉ።

የቀረውን እንደ ደንቡ ጨረስነው። ማንንም አልጣፈጠውም። ሄክተር ቆባቸውን አድርገው በሩ ላይ ከደረሱ በኋላ ዞር ብለው "አንቺ ልጅ፣" አሉኝ፤ ሰባ ዓመት ሆኖኝም ለእሳቸው ልጅ ነኝ፤ "የሮሪን ድርሻ ድፊው። ጠርሙሱን በማዶው ሙይና ላኪለት። ለሚሞት ሰው የሞተ ነገር አይላክም።" ኤፊ "የእኔ ሻንጣ ኪሎው ሞልቷል፤ ውሸት አይጨመርበትም" ስትላቸው፣ ውሸቱ በየትኛው ጠርሙስ እንዳለ አሁን አታውቂም ብለዋት ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ጠርሙስህን ፊቴ አድርጌ ስከራከር ከረምኩ። አንዳንድ ቀን ምንም አልልክም እላለሁ። ጥሎ የሄደ ሰው ምን ድርሻ አለው? እናታችንን ያጠብኩ እኔ፣ አባታችንን የቀበርኩ እኔ፣ ጠርሙሱን የጠበቅኩ እኔ። ሌላ ቀን ደግሞ ሄክተር እውነታቸውን ነው እላለሁ፤ የማዶውን ጠጥቶ፣ አገሬ ብሎ፣ ደስ ብሎት ይሙት። እንዲህ ስል ግን አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። እኔን ዕድሜ ልኬን ሰዎች ደብዳቤ ሲያነቡልኝ የሚከፋኝን እየዘለሉ ነው ያነበቡልኝ። ዱጋልድ እንኳ፣ በፍቅር። በሌላ ሰው አፍ የለሰለሰ ነገር መዋጥ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። አንተን እንደዚያ አላደርግህም።

ስለዚህ ሁለት የመድኃኒት ጠርሙስ ላክሁልህ። በአንዱ የአባታችን፣ በሌላው የማዶው አለ። ምንም አልጻፍኩባቸውም፤ በአንገታቸው ክር ብቻ አስሬአለሁ። ኤፊ ሁለቱንም ቀምሰህ እስክትጨርስ ይህን ደብዳቤ እንዳትሰጥህ አስምያታለሁ። እንግዲህ ይህን ስታነብ ቀምሰሃል፤ ኤፊ ስትጠይቅህም አንዱን የአባቴ ነው ብለሃል። ነጭ ክር የታሰረበት የአባታችን ነው። ሰማያዊው የማዶው ነው።

ያለቀስክበት ሰማያዊው ከሆነ አትፈር። ከአንተ የሚሻሉ፣ ጋኑን በእጃቸው የያዙ ሰው እዚሁ ቁጭ ብለው ተሳስተውበታል። የዚህ አገር ሰው ነህ ማለት ነው፤ እኛም የምናለቅሰው እንደዚያ ነው። ነጩ ከሆነ ግን፣ ያችን አንድ ትንፋሽ፣ ያችን የረጠበች ገብስ አግኝተህ ከሆነ፣ አባታችን ያሉት ደርሷል፤ ደጁን ረግጠህ ገብተሃል። እኔም ከእንግዲህ መንገድ መንገዱን አላይም።

ኖሊንን ሰላም በልልኝ፤ ስላስታመመችህ አመሰግናታለሁ፣ ፊቷን ባላውቀውም። ጃኔትን፣ ጽሕፈትሽ ግልጽ ስለሆነ ለማንበብ አላስቸገረኝም በልልኝ። ልጆቿን ሳምልኝ። ኤፊን ደህና አድርገህ አስተናግዳት፤ ስትጠጣ ግን ከጎኗ ሆነህ ጠብቃት። ሄክተር ሰላም ብለውሃል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ እየመጡ የማዶውን ይጠጣሉ፤ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው። ቁም ሳጥኑ ላይ ሰዓቱ ብቻውን ቀርቷል፤ አቧራ የምጠርግለት ነገር የለኝም።

የትኛው ክር እንደነበረ ጻፍልኝ። ጃኔት አትጻፍልህ፤ እጅህ ቢንቀጠቀጥም አንተ ራስህ ጻፈው። ሳልዘል አነበዋለሁ።

እህትህ ኢሽቤል

ኪልቫራን፣ አይላ ደሴት
ኖቬምበር 18 ቀን 2006