የሚስቀው አንበሳ ሳንቲም

ለኮር ዊሊያምና አካባቢው ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሊቀመንበር አቶ መልከጼዴቅ ዳዊ
ጁባ

ቀን፦ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ከሳሼም አስተርጓሚዬም ሆነው ያሳሰሩኝ አቶ ግዛው ሉቃስ የማኅበሩን የአስተርጓሚነት ካርድ እንዲነጠቁልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀመንበር፣

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እጀምራለሁ። እኔ አመልካች ዘነበወርቅ ተገኝ ኮር ዊሊያም ውስጥ የወይዘሮ አያክን ግቢ ተከራይቼ ላለፉት አራት ዓመታት ሕፃናት ሳስተምር የቆየሁ ነኝ። ሠላሳ አንድ ልጆች ነበሩኝ፤ ዛሬ ዘጠኝ ቀርተዋል። ሃያ ሁለቱን ማን እንዳሳጣኝ ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ። አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ፦ አቶ ግዛውን በአንቱታ የምጠራቸው ለጽሕፈት ቤቱ ክብር ስል ብቻ ነው።

1. መስከረም ላይ ከአዲስ አበባ ሁለት ከረጢት የፕላስቲክ ሳንቲም አስመጣሁ። ልጆቹ ፊደል ለይተው ሲጠሩ ወይም ጥቅስ በቃላቸው ሲወጡ አንዳንድ እሰጣቸዋለሁ፤ ዓርብ ዓርብ በእርሳስና በከረሜላ ይለውጡታል። ሮዝ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ዳክዬ ያለበት አለ፣ አንበሳ ያለበትም አለ። በሁሉም ላይ በአማርኛ «የልጆች መጫወቻ» ተብሎ ተጽፏል። ለወላጆች ብዬ በሩ ላይ «ሳንቲም ዓርብ ከሰዓት ይመነዘራል» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ጥፋት አለብሽ ከተባልኩ ይህች አንዲት ቃል ናት። ምንዛሪ በዚህ ከተማ ቀልድ እንዳልሆነ እያወቅኩ «ይለወጣል» ማለት ሲገባኝ «ይመነዘራል» አልኩ።

2. አቶ ግዛው የታሸገ ውሃና የለስላሳ መጋዘን ያላቸው የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። የአምስት ዓመት ልጃቸው ሩቲ ተማሪዬ ነበረች። ጥቅምት 20 ቀን ሩቲ «መ»ን ለይታ በመጥራቷ የሸለምኳትን የአንበሳ ሳንቲም ከኪሷ ወስደው፣ ማስታወቂያዬንም በስልካቸው ፎቶ አንስተው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። «ፎርጅድ ገንዘብ አስገብታ ትመነዝራለች» ብለው አመለከቱ። በመካከላችን ያለው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ቢጠይቁኝ ከግቢያቸው ሳይወጡ እሰማቸው ነበር።

3. ወዲያው ተይዤ ጣቢያ ገባሁ። የእኔ የጁባ ዓረብኛ ከቲማቲም ክርክር አያልፍም። «ይህ ገንዘብ አይደለም» ልል ፈልጌ «ጉሩሽ ማፊ! ጉሩሽ ማፊ!» እያልኩ ማልኩ ተገዘትኩ። ለካ «ገንዘብ የለኝም» እያልኩ ኖሯል። ተረኛው ፖሊስ ገንዘብ ማን ጠየቀሽ ብሎ ተቆጣ፤ እውነቱን ነው። አስተርጓሚ ይምጣ ተባለ። ክሱን የተቀበለው ፖሊስ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ይኼኛው ከሳሼን አያውቃቸውም። ታዲያ የማኅበራችን ማኅተም ያረፈበትን ካርድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ራሱ ግዛው! ይቅርታ፣ ራሳቸው አቶ ግዛው።

4. «ለልጆች ማበረታቻ ነው፤ እባክዎ የተጻፈበትን ያንብቡላቸው» ብዬ ለመንኳቸው። ሳንቲሟን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርገው አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ፤ ከዚያ «ባንክ» የሚል ቃል ያለበት ዓረፍተ ነገር ለፖሊሱ ነገሩት። ባንክ በዓረብኛም ባንክ ነው፤ ያን ያህል ጆሮ አለኝ። ጮኽኩ። ጩኸቴንም «ጥፋቷን አምና ነው የምታለቅሰው» ብለው እንደተረጎሙት ኋላ ተነገረኝ። ሁለት ቀን ታሰርኩ።

5. በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዪየን የሚባል መርማሪ ገባ። ጋምቤላ በስደት አድጎ እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው የተማረ ነው። ሳንቲሟን አንስቶ «የልጆች መጫወቻ» ብሎ አነበበና «እትዬ፣ በዚች ነው የታሰሩት?» ብሎ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሕጉንም አስረዳኝ፦ የሚከለከለው እውነተኛውን ገንዘብ መስሎ ሰው የሚያሳስት ነገር ነው፤ መጠኑና ቀለሙ ተለይቶ፣ መጫወቻ መሆኑም የተጻፈበት ከሆነ ክስ የለበትም። ያኑ ጠዋት ፈታኝ። እውነት ለመናገር ወርቃማው አንበሳ ከሩቅ ሲያዩት የአገራችንን የአንድ ብር ሳንቲም ሊመስል ይችላል፤ ከወጣሁ በኋላ የአንበሶቹን ሳንቲሞች በሙሉ ከክፍል አውጥቻለሁ። ነገር ግን የእኛ አገሩ አንበሳ ኮስታራ ነው፤ የእኔው ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። በጁባ ገበያ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው ወረቀት ብቻ ነው፤ በሳንቲም ቲማቲም የገዛ ሰው እስካሁን አላየሁም። የሌለውን ነገር አስመስሎ መሥራት እንዴት እንደሚቻል አቶ ግዛው ያስረዱኝ።

6. ምክንያታቸው ፈጥኖ ታወቀ። በታሰርኩ ማግሥት ወይዘሮ አያክ ዘንድ ሄደው «መምህሯ አትመለስም፤ ግቢውን ለመጋዘን አከራዪኝ» ብለዋል። ወይዘሮ አያክ አዲስ አበባ ያደጉ ስለሆኑ ያለ አስተርጓሚ ነው የነገሩኝ፦ «አንቺ ጣቢያ ምሳ እንኳ ሳይገባልሽ እሱ ግቢዬን በእርምጃ ይለካ ነበር።» እምቢ ብለዋቸዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሆኖም እሳቸውም የሚተዳደሩት በግቢው ኪራይ ነውና ልጆቹ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልተመለሱ ግቢውን እንደምለቅ ተስማምተናል። ወላጆቹ ግን በምን ይመለሱ? አባቴ ዘነበወርቅ ብሎ ያወጣልኝን ስም አማራት ሰፈር ያሉ ሱቆች ሳይቀሩ «ዘነበፕላስቲክ» ብለውታል።

7. ፓስተራችን አስታርቀው ሊጨርሱት ጠርተውኝ ነበር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ሲሉ መከሩኝ። ሳሉ የእኔ ነው፣ ስርቆቱ የአቶ ግዛው ነው አልኳቸው። ይቅር ማለቴ አይቀርም፤ ቀኑን ግን እኔው ልምረጥ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ መምህር ነኝ፣ ሥራዬ ማስታወስ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ. የአስተርጓሚነት ካርዳቸው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሰው ሁሉ እያየ ይነጠቅልኝ። መቀስ አመጣለሁ፤ ቆራጯም እኔ እሆናለሁ።

ለ. ከሩቲ በቀር የቀሩት ሃያ አንድ ልጆች ወላጆች ቤት፣ ራቅ ያለው ማንጋቴን ሰፈር ያሉትም ሳይቀሩ፣ በእግራቸው እየዞሩ ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነና ጣቢያ ውስጥ ምን ብለው እንደተረጎሙት በገዛ አፋቸው ይናገሩ። በመኪና መሄድ አይፈቀድላቸው። ፀሐዩ ሲበረታ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሐ. «ማንበብ አቅቶኝ ነው» ብለው የሚያመካኙ ከሆነም መፍትሔ አለኝ። ክፍሌ ውስጥ ባዶ ወንበር ሞልቷል፤ ያስለቀቁት እሳቸው ናቸው። ከልጆቹ ጋር በትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከ«ሀ ሁ» ይጀምሩ። ክፍያ አልጠይቃቸውም፤ ከጎበዙ ሳንቲም እሰጣቸዋለሁ።

በረቂቄ ላይ አራተኛ ጥያቄ ነበረኝ፦ ሩቲ በጉባኤው ፊት ቆማ የተጻፈውን ለአባቷ እንድታነብላቸው። አዳራሹን በሙሉ እያሰብኩ ሦስት ቀን ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ትናንት ሩቲ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝና «ቲቸር፣ አባዬ አንበሳዬን አልመለሰልኝም» አለች። የእሷ ሐዘን ሌላ፣ የእኔ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። አፈርኩ፤ ጥያቄውን ሰረዝኩት።

በምትኩ ይህ ይጻፍልኝ፦

መ. አቶ ግዛው የልጃቸውን ሳንቲም ከፖሊስ ጣቢያ አስመልሰው፣ በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው እጅ ይስጧት። ሌላ ሰው እንዲገኝ አልጠይቅም። ሩቲ ፊደል ገና ባትጨርስም የተጻፈበትን በቃሏ ይዛዋለች፤ ሳንቲም ስትቀበል ጮክ ብላ ሳታነበው ኪሷ አትከትም። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

ይህ ሰላምታ ለክቡርነትዎና ለጽሕፈት ቤቱ ነው፤ አቶ ግዛው ድርሻ የላቸውም።

ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ዘነበወርቅ ተገኝ
መምህርት፣ ኮር ዊሊያም

አባሪ፦ ዳክዬ ያለበት አንድ ሮዝ የፕላስቲክ ሳንቲም። መዝገብ ቤቱ ከማስገባቱ በፊት ያንብበው።