የእማዬ የነጭ ሽንኩርት ዘር

ይድረስ ለእኅቴ ለአልታዬ፣ ጅዳ።

እንዴት ነሽልኝ እኅትዓለም? ወገብሽስ ተሻለሽ? ሙቀቱስ ረገብ አለልሽ? የምትሠሪበት ቤት ሰዎችስ ደህና ይይዙሻል? እኛ ካንቺ ናፍቆት በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። አባባን ብርዱ ጉልበታቸውን ይዟቸው ነበር፤ አሁን ፀሐይ ስትወጣ ደጅ ተቀምጠው እኔን ማዘዝ ጀምረዋል።

ደብዳቤ ስታይ እንዳትደነግጪ፤ የሞተ ሰው የለም። በስልክ የዋሸሁሽን በስልክ ማቃናት አቅቶኝ ነው። ነሐሴ ላይ «የእማዬ ነጭ ሽንኩርት እንዴት ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «አምሯል» አልኩሽ አይደል? ያን ቀን ግማሹ ቢጫ ሆኖ ነበር።

የዘንድሮው ክረምት ለጉድ ነው። ሰኔ የገባው ዝናብ መስቀል አልፎም አልወጣ አለ። ድንቹ ከላይ ጠቁሮ ከሥር ሟሟ፤ ጎመኑን ቀንድ አውጣ ጨረሰው፤ ጓሯችን ውስጥ ያማረበት አረሙ ብቻ ሆነ። ለሽንኩርቱ መደቡን ከፍ አደረግኩለት፣ ቦይ ቆፈርኩለት፣ አመድ ነሰነስኩለት። በመጨረሻ የነቀልኩት ግን ብስባሽ ነው፤ ለዘር የሚሆን አንድ ራስ እንኳ አልተረፈም። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሙሽራ ሆና ከማሻ ስትመጣ የያዘችው ዘር በእኔ እጅ አለቀ ብዬ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የባሰውን ልንገርሽ። እማዬ በየዓመቱ ከመትከሏ በፊት አንድ እፍኝ ለጎረቤታችን ለእትዬ ራሕማ ትሰጥ ነበር። «ዘር አንድ ቤት ብቻ አያድርም» ስትል ትዝ ይልሻል። እኔ ዘንድሮ አልሰጠሁም። ዶሮዎቻቸው የሰላጣ ችግኜን ጭረው ስላጠፉብኝ አኩርፌ እፍኙንም ለራሴ ተከልኩት። እሳቸውም አልጠየቁኝ።

ሽንኩርቱ በበሰበሰ በሳምንቱ እትዬ ራሕማ በሻሻቸው ጫፍ የሆነ ነገር ቋጥረው መጡ። ሲፈቱት የእማዬ ሽንኩርት! ያው ትንንሹ፣ ልጣጩ ቀላ ያለው፣ ገና ሲሸት ዓይን የሚያስነባው። ከአምናው እፍኝ ዘር አስቀርተው፣ ከቤታቸው ጀርባ ውሃ የማይቆምበት ተዳፋት ላይ ተክለውት ኖሯል። እኔ አፍሬ መሬት መሬት ሳይ፣ «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «እናትሽ ለእኔ መች ሰጠችኝ? አስቀምጭልኝ ነው ያለችኝ።» ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ «ዶሮዎቹስ እውነትም ባለጌ ናቸው» ብለው አሳቁኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ልጃቸው አሚራ ናት፤ ለሥራ ወደ አንቺ ዘንድ መምጣቷ ነው። አገሩ አዲስ ይሆንባታልና እንደ ታናሽሽ እያት። በጨርቅ የቋጠርኳቸውን ሦስት ራስ ሽንኩርቶች ትሰጥሻለች። ሁለቱን ወጥ ሥሪባቸው፤ ቤትሽ የኛን ቤት ይሽተት።

አባባ «ጾምሽን አትርሺ፣ ራስሽንም አትርሺ» ይሉሻል። ወንድማችን ምስክር ደጎሎ ስንዴ ሊያጭድ ሄዷል፤ ሲወጣ «ጉንጯን ሳሚልኝ» ብሎኛል። እትዬ ራሕማ ዱዓ እያደረጉልሽ ነው። አብረውሽ ላሉት እኅቶችም ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ሦስተኛውን ራስ ግን እንዳትነኪው። ለከርሞ እመጣለሁ እያልሽ ሦስት ክረምት አለፈ። እሱን አልሰጠሁሽም፤ አስቀምጪልኝ ነው ያልኩሽ። ሰኔ ሳይገባ ራስሽ ይዘሽው ነይ።

ታናሽሽ ሰብሌ
መካነ ሰላም፣ ኅዳር ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.