የነሐሴው ቀለም

ኅዳር 4
ሩዝ ልገዛ ከወረታ ቁሐር ሚካኤል ወረድኩ። አሮጌው ሞተር ሳይክሌ መንገድ ላይ ሁለቴ ጠፋ። ገፍቼ አስነሳሁት። መብራቱም ይፈዛል... ባለፈው ወር ፍሬን ሊሠራለት መካኒኩ ደሳለው ጋራዥ ሦስት ቀን ከርሞ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ አያውቅም።

ኅዳር 5
ዛሬም ጠፋ። ያኔ ደሳለው ምን አለኝ? "ጋሼ ሰጠኝ፣ ይቺን ሞተር መሸጥ ያሰቡ ቀን እኔን እንዳይረሱኝ።" ሳቅሁ። አሁን ግን... እሳት የሚሰጠውን ደህናውን ኮይል አውጥቶ የሞተ ከትቶበት ይሆን? ተማርሬ እንድለቅለት?
ጎረቤቴ ባለሱቋ ገላነሽ ሰማች። "የቀጥቃጭ ልጅ አይደል? ዓይኑ ነው! ጠበል ርጭበት።"
በዓይን አላምንም። እጁን ግን እጠረጥራለሁ።

ኅዳር 7
ጋራዡ ሄድኩ። ባጃጅ ነጂዎች ተራ ይጠብቃሉ። "ኮይሌን መልስ!" አልኩት፣ እነሱ ፊት።
ደሳለው መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ "አባቴ ማረሻ ሲሠራላችሁም እንዲህ ነበር የምትሉት።"
አንዱ ነጂ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። ሌላውም ተከተለው።

ኅዳር 8
አዲስ ኮይል ገዝቼ ራሴ ቀየርኩ። ያው ነው። ይጠፋል። ታዲያ ምን ወሰደ?

ኅዳር 9
ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተከተልኩ። የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ ሻንሲው፣ የሞተሩ ብረት አጥንት ላይ የታሰረበትን ብሎን ፈታሁ። ከሽቦው ስር ወፍራም አረንጓዴ ቀለም።
የእኔ ቀለም...
ነሐሴ ላይ ውሃው ሜዳውን ሲሞላ፣ እንዳይዝግ ብዬ ሻንሲውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ሽቦውንም መልሼ ያሰርኩት ቀለሙ ላይ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሽቦው ብረት የሚነካው በብሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር፤ እሱም ዛገ።
በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፋቅሁት። ኤንጂኑ ላይ የታሰረውንም እንዲሁ። በአንድ ምት ተነሳ። መብራቱ ቦግ አለ።
የጣልኩትን ኮይል አንስቼ አገላበጥኩት። ጎኑ ላይ አረንጓዴ ጠብታ። የራሴው ኮይል ነው፤ አልተቀየረም። ቀድሜ ለምን አላየሁም?

ኅዳር 11
ነጂዎቹ የሚሰበሰቡበትን ሰዓት ጠብቄ ሄድኩ። ኮይሉን አሳየሁ። "ደሳለው፣ አልነካኸውም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"
"ጋሼ፣ ጎማውንስ አልቀቡትም?" አለ አንዱ። ሳቁ። ደሳለው አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ብሎኑን አየና፣ "ግሪስ የለውም። ክረምት ሲገባ ይዝጋል" አለ። ቀባልኝ። እጄን ብዘረጋ፣ "እጄ ግሪስ ነው" ብሎ ተወኝ።

ኅዳር 16
በጋራዡ በኩል አለፍኩ። አንድ ባጃጅ ብቻ ቆሟል፤ የሄዱት አልተመለሱም።
ገላነሽ፣ "ጠበሉ ረዳህ አይደል?" አለችኝ።
ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀለሙን፣ ጠብታውን፣ ውርደቴን። አንዲት ነገር አላስቀረሁም። "ለማንም አትንገሪ" አልኳት።
እስከ ማታ ወረታን ታዳርሰዋለች፤ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው።